ሠርጉ እስኪያልፍ

ሉባባ ነገሩን የጠረጠረችው ተዋበች «እንደምን አደርሽ» ያለቻት ቀን ነው።

ሁለቱ ሴቶች ግድግዳ ይጋራሉ እንጂ ቃል ከተለዋወጡ ዓመታት አልፈዋል። ጠባቸው የጀመረው በዝናብ ውሃ ነው። የተዋበች ጣሪያ ውሃውን ሉባባ ደጅ ላይ ያፈሳል፤ ሉባባ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ከዚያ ወዲህ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ በሯን ትዘጋለች። በየበዓሉ ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌውም ምሳውን በልቶ፣ ሁለቱንም መርቆ፣ ምንም ሳያስታርቅ ይመለሳል። እንግዲህ ይህችው ተዋበች ናት በዚያ ጠዋት ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንደምን አደርሽ ሉባባ፣ የሠርጉ ሽር ጉድ እንዴት ይዞሻል?» ያለቻት።

ሉባባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ መልሳ መንገዷን ቀጠለች። ጥቂት እንደተራመደች ግን የሰው አጥር ተደግፋ ቆመች።

የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ሰላምታ ምን ያስደነግጣል ይል ይሆናል። በሌላው ዓለም ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ጠዋት ተነስቶ ይጉመጠመጣል፣ የመታጠቢያው ሳህን ምራቁን ይቀምሳል፣ በሰውነቱ የተደበቀ ዕጢ ካለ መስተዋቱ ላይ ተጽፎ ያነበዋል። እዚህም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደዚያው ነበር። የጥርስ ብሩሹ አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ብቻውን ቆሞ፣ የራሱን መርዶ ያነበበ ሰው በየሰፈሩ በዛ። ክፉ ወሬ እንዴት ያለ ወገን፣ ያለ ጊዜው ይነገራል ተባለ። ሰው ሲሞት የሚቀብሩትና የሚያስተዛዝኑት የየሰፈሩ ቅሬዎች «ዳኛ» የሚሏቸውን መሪዎቻቸውን ልከው አቤት አሉ፤ ተሰማላቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ለሁሉም ሰው «እንኳን ደህና አደራችሁ» ብቻ ነው የሚለው። ጤነኛውም ይህን ይሰማል፣ ታማሚውም ይህን ይሰማል። እውነቱ የሚሄደው ወደ ቅሬው ዳኛ ነው። ዳኛው ለቤቱ አባወራ ወይም ለቅርብ ዘመድ ሹክ ይላል፣ ዘመድ ካለበት ይጠራል፣ ቀን ይመረጣል። ጾም ወይም አራስ ወይም ሠርግ ካለ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ለታማሚው ይነገራል። ሹክ የተባለ ነገር ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትምና እስከዚያው ሁሉም ሰው ሁለት ግዴታ አለበት፤ ዝም ማለትና ደግ መሆን።

በዚህ የተነሳ ደሴ ውስጥ ደግነት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ሥጋ ቤት ቆሞ ከጠየቀው በላይ የተመዘነለት ሰው ፊቱ አመድ ይመስላል። ታክሲ ውስጥ ወንበር የተለቀቀለት ጎልማሳ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምስም። የሚዋደዱ ሰዎች ጠዋት ሲገናኙ «አንተ የማትረባ፣ ዛሬም አለህ?» ይባባላሉ፤ የተሰደበውም ደስ ብሎት ይውላል። አማቶች እንደዚያን ዘመን ተወደው አያውቁም፤ አማቱ ያመናጨቀችው ሰው ጤናው የተረጋገጠ ነውና።

ሉባባ የምትሠራው ከሸዋበር ወደ ጦሳ ተራራ አናት በሚወጣው የገመድ መኪና ጣቢያ ነው። በር ከፍታ ሰው ታስገባለች፤ ነፋስ ሲበረታ ወይም ጉም ሲወርድ ጉዞውን ታስቆማለች። መካኒኩ ሙሔ ደግሞ ገመዱን ከወንድሙ አብልጦ የሚያምን ሰው ነው። በየቀኑ ይጨቃጨቃሉ። እሷ «አቁም» ስትል እሱ «ይሄ ነፋስ ነው ወይስ ትንፋሽ?» ይላታል፤ ተሳፋሪው ሁለቱንም ይራገማል፤ እንዲህ እየተባባሉ ይመሻል።

ያን ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቅጠል አይነቃነቅም። ሉባባ በሩን ዘጋችና «አቁመው፣ ነፋስ አለ» አለች።

ሙሔ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «እንዳልሽ እታለም» አለና ገመዱን አቆመ።

ሳጥኖቹ ሰው እንደያዙ ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ተራ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ግማሹ የሰፈሯ ሰው ነው። አንድም ሰው አልተቆጣም። ቅርጫት የተሸከመች አንዲት ጎረቤቷ ጠጋ ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና «አብሽሪ፣ እኛ አንቸኩልም» አለቻት። አብሽሪ አይዞሽ ማለት ነው። ምንም ያልሆነች ሴት አብሽሪ አትባልም።

ሉባባ በሩን መልሳ ከፈተች። ሙሔ ለምን አስቆምሽ፣ ለምን ከፈትሽ አላለም።

ፈራች። ወጣት ሳለች፣ ሰው ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ነው እያለች በሞት ትቀልድ ነበር። አሁን ግን ፈራች። አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ሰዓዳ። ሰዓዳ ከአረፋ በኋላ ለአንድ የኮምቦልቻ ልጅ ትዳራለች። ልጇን ሳትድር፣ የልጇን ልጅ ሳታቅፍ መሄድ የማይሆን ነገር መሰላት። ደግሞም ዕጢ መድኃኒት አለው ይባላል። መድኃኒት ያለው ነገር ይዟት፣ ሰው ሁሉ እያወቀ፣ እሷ ብቻ ሳታውቅ መሞት ነው ያናደዳት።

ማታ ወጥ ስትሠራ ጨው ጨመረችበት፣ ቀመሰችው፣ ደግማ ጨመረች። ባሏ እንድሪስ በሌላው ነገር ሁሉ ታጋሽ ነው፤ በጨው ግን ቀልድ አያውቅም። ገና ሲጋቡ በጨው ምክንያት ሳህን ገፍቶ እናቱ ቤት ሄዶ ያደረ ሰው ነው።

ሰዓዳ አንድ ጊዜ ጎርሳ «እማ፣ ይሄ ወጥ ነው ወይስ የአፋር ጨው?» አለችና እጇን ሰበሰበች። ሰሞኑን እህል አይረጋላትም፤ ፊቷም ሳሳ ብሏል። ሙሽራ ትከሳለች ይላሉ፤ ሰዉ ሁሉ እሱን እያነሳ ይቀልድባታል።

እንድሪስ ግን ዝም ብሎ ይበላል።

«ጨው አልበዛም?» አለችው።

«ኧረ ሸጋ ነው።»

«እውነትህን ነው?»

«ሸጋ ነው አልኩሽ እኮ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሳህኑን ጨርሶ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠይቅ ተነሳ። ልጅቱ አልሰማችም፣ እሱ ግን ሰምቷል አለች ሉባባ በልቧ። ባሏ አለቀሰላት፤ ያ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ የምትሠራው ሲስተር መክሊት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። ሉባባን ስታይ በሩን ዘጋችው።

«እትዬ ሉባባ፣ ያለ ዳኛው ቃል አፌን አልከፍትም። ሕጉ ነው።»

«ስለ እኔ አትንገሪኝ። ስለ ዕጢ ንገሪኝ። እሱም ክልክል ነው?»

መክሊት ወንበር ሳበች። «እሱ ክልክል አይደለም» አለችና ተቀመጠች። «ዕጢ ሲባል ሰው ጉልበተኛ ይመስለዋል። ጉልበት የለውም፤ አፍ ነው ያለው። በደማችን ውስጥ ቀን ከሌት የሚዞሩ ዘበኞች አሉ። ያገኙትን ሁሉ ይዳስሳሉ፤ የሰውነቱ ያልሆነውን ያጠፋሉ። ዕጢው ጋ ሲደርሱ ላዩ ላይ ምልክት ያሳያቸዋል። የቤት ልጅ ነኝ፣ እለፉ እንደማለት ነው። ያልፋሉ።»

«እንዲሁ ያልፋሉ?»

«ምን ያድርጉ? እውነትም ከቤቱ የወጣ ነው። ያን ምልክት የሚሸፍን መድኃኒት አለን፤ ማንቂያ እንለዋለን። ከተሸፈነ ያውቁታል፣ ይጨርሱታል። በጊዜ የተነገረው ሰው ከዚህ ድኖ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ጊዜው ሲያልፍ?»

«ጊዜ ካገኘ ሌላ ይማራል። በዙሪያው ኬሚካል ይረጫል፤ የቀረበው ዘበኛ ሁሉ ይደነዝዛል። ከዚያ ይብሳል። ከራሳቸው ከዘበኞቹ መሃል ጸጥታ አስከባሪዎቹን ይጠራል። እነሱ ክፉ አይደሉም፤ ሥራቸው ነው። መጥተው የነቃውን ሁሉ ተረጋጋ፣ ምንም የለም ይሉታል። እዚያ ከደረሰ የኛ ማንቂያ አይሰማም።»

«እዚያ ለመድረስ ብዙ ይቆያል?»

«እንደ ሰዉ ነው። ወጣት ላይ ይፈጥናል።»

ሉባባ ወጣት አልነበረችም። ያን ሰምታ ትንሽ ተጽናናች።

መክሊት እስከ በሩ ሸኘቻት። እጀታውን ይዛ «እትዬ ሉባባ፣ ስለ እርስዎ አይደለም ያወራሁት። ይህን ይያዙልኝ» አለቻት። ሉባባ «ገባኝ ልጄ፣ ማንም አይሰማም» ብላት ወጣች።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ አበጋዝ ግቢያቸው ውስጥ የቅሬውን ድንኳን ዘርግተው ቀዳዳ ይጥፋሉ። ደግ ሰው ናቸው። የስንቱን ሰው መርዶ የነገሩ፣ ነግረውም አብረው ያለቀሱ ሰው ናቸው። ሉባባን ሲያዩ መርፌውን ሸራው ላይ ሰኩት።

«ጋሽ አበጋዝ፣ በቤቴ የመጣ ነገር አለ?»

«ምን ትያለሽ አንች ልጅ። ይልቅ ድግሱ ምን ደረሰ? ሰንጋው ተገዛ?»

«በዚህ ቀን ድንኳን የሚጥፉት ለድግሱ ነው?»

«ድንኳን ለሁሉም ነው» አሉ። ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱ። ኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሠርጉ ይለፍና እንጫወታለን» አሉ።

ተናግረው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ። ሉባባ ግን የምትፈልገውን አግኝታለች። ነገሩ አለ፤ ሠርጉ እስኪያልፍ ተይዟል። አረፋ ደግሞ ገና ነው።

«ካለፈ በኋላ ቢመሽስ?» አለች።

«አገር የቆየው እንዲህ እየተሸፋፈነ ነው ሉባባ። ለሰው ክፉ ወሬ በደስታው ላይ አይነገርም። ይህን እኔ አላመጣሁትም» አሏትና መርፌውን አነሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰንጋ ብቻ አወሩ።

ሉባባ ወደ ቤቷ ስትወጣ ነገሩን አውጥታ አወረደችው። ሠርጉን ላስቀር ብትል ያለ ምክንያት አይቀርም፤ የልጁ ወገኖች ምን ይላሉ? ባሏን ብታፋጥጥ አብሽሪ ይላታል። ሠርግን የሚቀድመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ለቅሶ ነው።

ድሮ የቅሬ ጥሪ በጥሩንባ ነበር አሉ። በሉባባ ዘመን ግን ማንኛውም አባል በቤቱ ሳህን ላይ እጁን ጭኖ «ለቅሶ አለብኝ» ካለ ጥሪው በየቤቱ ይሰማል። በለቅሶ የሚቀልድ ሰው ስለሌለ ማረጋገጫ አልተበጀለትም። ደንቡም የታወቀ ነው። ሰው ተሰብስቦ ድንኳን ከተተከለ ዳኛው ቆሞ ስም ይጠራል፤ ስም ሳይጠራ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

በማግስቱ እንድሪስ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ እንደወጣ ሉባባ ተነሳች። ሰዓዳ ለውበት ከወዲሁ እንሶስላ ሞቃ፣ ቀለሙ እንዲይዝ እጅና እግሯ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጓዳ ተኝታለች። ሉባባ ተጉመጠመጠች። ሳህኑ «እንኳን ደህና አደራችሁ» አለ። እጇን ጫነችበትና «ለቅሶ አለብኝ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሰሌን ይዛ ደጅ ወጥታ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የደረሰችው ተዋበች ናት፤ ጫማም አላደረገችም። ከኋላዋ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ኋላ ጋቢ የደረቡ ወንዶች ምሰሶ ተሸክመው መጡ። ሰው ለቅሶ ሲጠራ መጀመሪያ ድንኳን ይተክላል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቀው። ድንኳኑ ቆመ። አንዳንዷ ሴት ሉባባን አቅፋ ታለቅስና ማን እንደሞተ ለመጠየቅ አፍራ ትቀመጣለች። እንድሪስ ከመስጊድ እየሮጠ መጣ። ሚስቱን በሕይወት ሲያያት ምሰሶውን ይዞ ቆመ።

ጋሽ አበጋዝ በመጨረሻ ደረሱ። «ማን ነው?» አሉ።

«ድንኳኑ ተተክሏል፣ ስም ይጥሩ» አለች ሉባባ።

«የማንን ስም?»

«የኔን ነዋ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሕይወቴ ሳለሁ ልስማውና መድኃኒቴን ልውሰድ። እምቢ ካሉኝ ከዚህ ሰሌን አልነሳም፤ ሠርግም የለም።»

ሰዉ ተንጫጫ። ጋሽ አበጋዝ ወደ እንድሪስ አዩ፤ እንድሪስ መሬት መሬት ያያል።

«ሉባባ» አሉ። «ባንች ላይ የመጣ ነገር የለም። አንች ጤነኛ ነሽ።»

«ይማሉ?»

«ወላሂ።»

ሉባባን ደስታ ወረራት። ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ራሷ ላይ ወጣ። «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ድምፅ አውጥታ ነው ያለችው፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ሰማት። ያችን ቃል መልሶ መዋጥ ቢቻል ኖሮ ቀሪ ዕድሜዋን በሰጠች ነበር።

ምክንያቱም ከሷ በቀር ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ሰዉ እሷን አላያትም፤ ከሷ አልፎ የቤቷን በር ነው የሚያየው። ዞር አለች። ሰዓዳ ጩኸቱ ቀስቅሷት ደፉ ላይ ቆማለች፤ እጆቿ በቅጠል እንደተጠቀለሉ ናቸው። ለሙሽራ ሰው ሁሉ ደግ ይሆናል። ስለዚህ ልጅቱም አልጠረጠረች፣ እናቷም አልጠረጠረችላት።

ደንብ ደንብ ነውና ጋሽ አበጋዝ ቆባቸውን አወለቁ። «ሰዓዳ እንድሪስ» አሉ።

በለቅሶ ድንኳን የቆመ ሰው ስም ሲጠራ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። ሴቶቹ እንኳ ማልቀስ ይገባ አይገባ እንደሁ ጨነቃቸው። ሰዓዳ ግን ቅጠሉን እያየች ቆየችና «አባ፣ መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች።

እንድሪስ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «የሠርጉ ቀን በተቆረጠ ማግስት» አለ።

ሉባባ ወደ እሱ አልሄደችም፤ አልሰደበችውምም። ለዚያ ጊዜ አልነበራትም። ከሰሌኑ ተነስታ ልጇ እግር ሥር ተንበረከከችና ቅጠሉን ትፈታ ጀመር። አንዲት አሮጊት ከኋላ ሆነው «ኧረ ልጆች፣ አሁንማ ከታወቀ ልጅቱን አታዋክቧት። ሠርጉ ብቻ ይለፍላት» አሉ። ጥቂት ሰዎች «እውነት ነው» አሉ።

«ሠርግ ቢቆይ እንደ ዕጢ አያድግም» አለች ሉባባ ቀና ሳትል። «ጫማሽን አድርጊ ልጄ።»

ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ። ለቅሶ የመጣ ሰው ከፍጻሜው በፊት አይበተንምና ቅሬው በሙሉ ተከተላቸው። ምሰሶ እንደተሸከመ የመጣም ነበር። መንገደኛው ቆሞ ራሱን ዝቅ እያደረገ አሳለፋቸው፤ አስከሬኑ የታለ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መክሊት በሩን ከፍታ ሕዝቡን ስታይ ጋሽ አበጋዝን ፈለገች። እሳቸውም ከሩቅ ሆነው ራሳቸውን ነቅንቀው ምልክት ሰጧት። «ያለበትን ደረጃ አሁን እናየዋለን» አለች መክሊት፤ ከዚያ በላይ ቃል አልሰጠችም።

ሰዓዳ ደረጃው ላይ ቆመች። መዳፏ ገና ብርቱካን ነው፤ እንሶስላው በደንብ ሳይቀላ ነው የተፈታው።

«እማ» አለች። «የታመምሽው አንች ራስሽ መስሎሽ ነው የጠራሻቸው?»

«አዎ።»

«እኔ መሆኔን ብታውቂ ትጠሪያቸው ነበር?»

ሉባባ አፏን ከፈተች። ትዋሽ ዘንድ ሰው ሁሉ ይጠብቅ ነበር፤ ተዋበች ሳትቀር ራሷን እየነቀነቀች አዎ በይ ትላታለች። ሉባባ ሠርጉን አሰበች፣ ሰንጋውን አሰበች፣ ልጇ ሙሽራ ሆና ስትስቅ ታያት። እሷም ሹክ ቢሏት ኖሮ ምን እንደምታደርግ አወቀች።

«አልጠራም ነበር» አለች።

ሰዓዳ ለአፍታ አየቻት፣ ከዚያ ብቻዋን ገባች።